የሾፓን ምሽት፣ የቤትሆቨን ምሽት፦ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

በአንድ የሙዚቃ ደራሲ ስም ለተዘጋጀ የፒያኖ ምሽት ትኬት ልትቆርጡ ከሆነ ትንሽ ቆም በሉ። ማስታወቂያው ላይ የደራሲው ስም በትልቁ ተጽፎ፣ ከሥሩ የሻማ ፎቶ ተለጥፎ፣ የሚቀርቡት ሥራዎች ግን በኦፐስ ቁጥር (የአንድ ደራሲ ሥራዎች በሚለዩበት ቁጥር) ካልተዘረዘሩ፣ የፒያኒስቱ ስም ከሌለ፣ ርዝመቱም «60 ደቂቃ ገደማ» ተብሎ ብቻ ከታለፈ አትክፈሉ። ምን እንደምትገዙ ገና አልተነገራችሁም። ኋላ ገንዘባችንን መልሱ ብትሉም «ይህን ልታቀርቡልን ቃል ገብታችሁ ነበር» የምትሉበት አንድም መስመር በእጃችሁ አይኖርም።

ትክክለኛ ዝርዝር እንዲህ ይነበባል፦ ሾፓን፣ ሶናታ ቁጥር 2፣ ቢ ፍላት ማይነር፣ ኦፐስ 35። ይህ ሥራ አራት ክፍሎች አሉት፤ በጠቅላላው 24 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የቀብር ማርሽ ሦስተኛው ክፍል ሲሆን ብቻውን ከ8 እስከ 9 ደቂቃ ነው። ስለዚህ «ሶናታ ቁጥር 2» እና «የቀብር ማርሽ ከሶናታ ቁጥር 2» እጅግ ይራራቃሉ። ያቺ አንዲት «ከ» የሥራውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ትወስዳለች። ዝርዝር ስታነቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ እሷን ይፈልግ።

የቤትሆቨን «የጨረቃ ብርሃን» ሶናታ፣ ኦፐስ 27 ቁጥር 2፣ ላይም ያው ነገር ይደረጋል። ሦስቱ ክፍሎች ተደምረው 15 ደቂቃ ግድም ናቸው፤ ሁሉም የሚያንጎራጉረው ዝግተኛው መክፈቻ 6 ደቂቃ ነው። እውነተኛው ፈተና ያለው በመጨረሻው ፈጣን ክፍል ነው። መክፈቻውን ጥቂት ዓመት የተማረ ሰው ሊጫወተው ይችላል፤ መጨረሻውን ግን በደንብ የሠለጠነ እጅ ብቻ ነው የሚወጣው። ስሙን ብቻ አይታችሁም አትዘናጉ፦ የፈረንሳዊው ደራሲ የደቡሲ ዝነኛ ቁራጭም ስሙ ሲተረጎም «የጨረቃ ብርሃን» ነው። እሱ አራት ቁራጮች ካሉት ስብስብ ሦስተኛው ሲሆን 5 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

አሁን ደቂቃውን ደምሩ። ኖክተርን፣ ዋልዝ፣ ፕሬሉድ፣ ባላድና ኢቱድ የሥራ ዓይነቶች ናቸው። «የሾፓን ተወዳጅ ሥራዎች» በሚሉ ማስታወቂያዎች የሚደጋገሙትን እንውሰድ፦ ኖክተርን ኦፐስ 9 ቁጥር 2፣ 4 ደቂቃ ተኩል፤ ዋልዝ ኦፐስ 64 ቁጥር 1፣ 2 ደቂቃ ግድም፤ ፕሬሉድ ኦፐስ 28 ቁጥር 4፣ 2 ደቂቃ፤ «የዝናብ ጠብታ» የሚባለው የዚያው ኦፐስ 28 ቁጥር 15፣ 5 ደቂቃ ተኩል፤ ፋንታዚ ኢምፕሮምቱ ኦፐስ 66፣ 5 ደቂቃ፤ ትንሹ የኤ ማይነር ዋልዝ፣ 2 ደቂቃ ተኩል። ስድስት ትልልቅ ስሞች፣ በድምሩ 22 ደቂቃ እንኳ አይሞሉም። ቀሪው ሰዓት በንግግር፣ በጭብጨባና በመብራት ይሞላል። በአንጻሩ አራቱ ባላዶች ብቻቸውን ከ35 ደቂቃ በላይ ናቸው፤ 24ቱ የኦፐስ 28 ፕሬሉዶች 40 ደቂቃ ይጠጋሉ፤ የኦፐስ 10 እና የኦፐስ 25 ኢቱዶች አብረው አንድ ሰዓት ገደማ ይሞላሉ። እረፍት ያለው ሙሉ ሬሲታል (የአንድ ተጫዋች ኮንሰርት) ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 85 ደቂቃ ንጹህ ሙዚቃ ይዟል።

«ሙሉ» የሚለው ቃል ሲመጣ የበለጠ ተጠንቀቁ። የሾፓን ኖክተርኖች 21 ናቸው፤ ሲጫወቱ ሁለት ሰዓት ይጠጋሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ «ሙሉ ኖክተርኖች» ሊቀርቡ አይችሉም፤ ያለቀ ሂሳብ ነው። የቤትሆቨን 32 ሶናታዎች ከ10 ሰዓት በላይ ይወስዳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1927 ፒያኒስቱ አርቱር ሽናብል በርሊን ላይ ሁሉንም ሲያቀርባቸው በተከታታይ ኮንሰርቶች ነበር፤ ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 8 ምሽት ይፈልጋሉ። አንድ ትኬት ገዝታችሁ «የቤትሆቨን ሙሉ ሶናታዎች» ከተባላችሁ የገዛችሁት የስንተኛውን ምሽት ትኬት እንደሆነ ጠይቁ።

የባኽ ጎልድበርግ ቫሪየሽን ግን ለብቻው መታየት አለበት። መክፈቻና መዝጊያው አሪያ የሚባል ቁራጭ፣ መካከሉ በእሱ ላይ የተመሠረቱ 30 ቫሪየሽኖች (ልዩ ልዩ ልውጦች) ናቸው፤ እያንዳንዱም ሁለት ግማሽ አለው፣ ኖታው ላይም ግማሾቹ እንዲደገሙ ተጽፏል። ድግግሞሹ ከተተወ 40 ደቂቃ፣ ሁሉም ከተደገመ 80 ደቂቃ ሊደርስ ይችላል። ሁለቱም «ሙሉ» ናቸው፤ የሚዋሽ የለም። ጥያቄው «ድግግሞሾቹ ይቀርባሉ ወይ?» መሆን አለበት።

አጭር ምሽት ሁሉ ማታለያ ነው ማለትም ስህተት ነው። የቤትሆቨን የመጨረሻ ሦስት ሶናታዎች፣ ኦፐስ 109፣ 110 እና 111፣ 65 ደቂቃ ያህል ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ያለ እረፍት ይቀርባሉ። ከኦፐስ 111 መጨረሻ በኋላ ምንም ባይጨመር ተገቢ ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ካያችሁ በሰዓቱ ማነስ አትሽሹ።

ከዝርዝሩ ውስጥ «የሾፓን የፀደይ ዋልዝ» የሚል ካገኛችሁ ግን ተመለሱ። ሾፓን እንዲህ የሚባል ዋልዝ የለውም። በኢንተርኔት በዚህ ስም የተሰራጨው ዜማ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ የፖል ደ ሴንቪል ሥራ ነው። በባኽ ስም የሚቀርበው ዝነኛው የጂ ሜጀር ሚኑዌትም የክርስቲያን ፔትሶልት ነው። ሁለተኛው ብዙዎችን ለረጅም ዘመን ያሳሳተ ስለሆነ ይቅር ይባላል፤ የመጀመሪያው ግን አዘጋጁ የኖታ መጽሐፍ እንዳልገለጠ ያሳያል።

ስለ መሣሪያው ማንም አይጠይቅም፤ ትልቁ ጉድለት ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ለኮንሰርት አዳራሽ የሚሠራ ግራንድ ፒያኖ ከ270 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ትንሹ የሳሎን ግራንድ 150 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ከሁሉ በላይ በወፍራሙ ድምፅ ይሰማል፦ ረጅም ክር ዝቅተኛውን ኖታ ጥርት አድርጎ ይሰጣል፤ አጭር ክር ያንኑ ኖታ ለመስጠት በመዳብ ተጠምጥሞ መወፈር አለበት፤ የወፈረ አጭር ክር ደግሞ ይደነድናል፣ ድምፁም ይደፈርሳል። ባኽ በትንሽ ፒያኖ ብዙ አይጎዳም። ራህማኒኖቭና ሊስት ግን ግማሽ አካላቸውን ያጣሉ። ከዚህ የከፋው ግራንድ በሚመስል ሳጥን ውስጥ የተገጠመ ዲጂታል ፒያኖ ነው። ከሩቅ አይለይም፤ ክዳኑ ሲከፈት ግን ክር የለውም፣ ከሥሩም ኬብል ይወጣል።

ቅኝትም አለ። ፒያኖ ከቦታ ቦታ ሲወሰድ፣ ሙቀትና እርጥበት ሲቀየርበት፣ የድምፅ ሰሌዳው እንጨት ያብጣል ወይም ይኮማተራል፤ የክሮቹ ውጥረትም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ አዳራሹ ከገባ በኋላ፣ በተለይም በኮንሰርቱ ቀን፣ መቃኘት አለበት። ለአንድ ምሽት ተከራይቶ ጣሪያ ላይ ወይም አትክልት ቦታ የተቀመጠ ፒያኖ ሳይቃኝ ሊቀርብ ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ድምፅ ማጉያም አይቀርም። ማጉያው ሹክሹክታውንና ነጎድጓዱን ያቀራርባቸዋል። ኖክተርን ልትሰሙ ሄዳችሁ ሹክሹክታው ከጠፋ ምን ቀረ? ማጉያ መኖሩ በማስታወቂያው ላይ መጻፍ ነበረበት፤ ካልተጻፈ ጠይቁ። ሻማዎቹም ብዙ ጊዜ በባትሪ የሚሠሩ ናቸው፤ ለደኅንነት ጥሩ ነው፣ ለእነሱ ሲባል ግን ተጨማሪ አትክፈሉ።

«ተሸላሚ ፒያኒስት» የሚል ስም የሌለው ሐረግ ምንም ማረጋገጫ አይደለም። በሾፓን ስም የሚጠሩ ውድድሮች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1927 የተጀመረው የዋርሶው ውድድር የአሸናፊዎቹ ዝርዝር ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ስሙን አግኝታችሁ ማመሳከር አያስቸግርም። አንዳንዴም ፒያኖው ጭራሽ ይቀርና በአራት የክር መሣሪያዎች የተዘጋጀ ቅንብር ይቀርባል። ሊስት እ.ኤ.አ. በ1840 ለንደን ላይ ለፒያኖ ዝግጅቱ «ሬሲታል» የሚለውን ቃል ከተጠቀመ ወዲህ የፒያኖ ሬሲታል አንድ ፒያኒስት ብቻውን ማለት ሆኗል። ማስታወቂያው ሬሲታል ካለ ይህን የመጠየቅ መብት አላችሁ።

ወንበርን በተመለከተ፣ የቦታ ቁጥር ሳይሆን «ቀጠና» የሚሸጥ ከሆነ የጣቶቹን እንቅስቃሴ የምታዩበት ወንበር እንደምታገኙ አትቁጠሩ። ቁልፎቹ ወደ መድረኩ ስትመለከቱ በግራ በኩል ናቸው። በጣም ፊት ያለው ረድፍ ድምፁ በላዩ ያልፈዋል፤ ከሰገነት ሥር ደግሞ ይታፈናል።

ከመክፈላችሁ በፊት ይህን በጽሑፍ ላኩ፦ «የሚቀርቡትን ሥራዎች ከነኦፐስ ቁጥራቸውና ክፍላቸው፣ የንጹህ ሙዚቃውን ደቂቃ፣ የፒያኒስቱን ስም፣ የፒያኖውን ዓይነትና ርዝመት፣ በዕለቱ መቃኘቱንና ማጉያ መኖሩን አሳውቁን። ፒያኒስቱ ወይም ዝርዝሩ ቢለወጥ ገንዘቡ ይመለሳል?» በቁም ነገር የሚሠራ አዘጋጅ በአጭሩ ይመልሳል። «ዝርዝሩ ሊለወጥ ይችላል» የሚለው ማሳሰቢያ በሁሉም ዘንድ የተለመደ ነው፤ ሕመም አለ፣ ጉዞ ይስተጓጎላል። የሚያሳስበው ሊለወጥ የሚችል ዝርዝር ከመጀመሪያውም ሳይኖር ማሳሰቢያው ብቻውን ሲቆም ነው።

አስቀድማችሁ ከከፈላችሁ ማስታወቂያውን ዛሬውኑ ፎቶ አንሱት፤ ገጹ ከምሽቱ በኋላ ሊቀየር ይችላል። በካርድ ከሆነ የከፈላችሁት፣ የተሸጠው እንዳልቀረበ ለባንኩ ለማስረዳት ይህ ፎቶና የመግቢያው ወረቀት ያስፈልጓችኋል። በዕለቱ የተነገራችሁ ሥራ ከቀረ ወይም ፒያኖው ዲጂታል ሆኖ ከተገኘ እረፍቱ ላይ ለአስተናጋጁ ንገሩ፣ ስሙንና ሰዓቱን ጻፉ፤ ጥያቄያችሁንም በማግስቱ በጽሑፍ አስገቡ።