ዲዝኒ ወይስ ዩኒቨርሳል? መጀመሪያ የልጆቹን ቁመት ለኩ

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ከዲሲ፣ ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ወደ ፍሎሪዳዋ ኦርላንዶ ለመንዳት የሚያስቡ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ከሁለቱ ትልልቅ መዝናኛዎች ዲዝኒ ነው ዩኒቨርሳል የሚሻለው? እኔም መልሼ ሁለት ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ትንሹ ልጃችሁ ቁመቱ ስንት ኢንች ነው? አያት አብራችሁ ትሄዳለች? እነዚህን ከመለሱልኝ ምክሬ ቀላል ነው።

ቁመቱን አትናቁት። ሁለቱም ጋ ሽቅብ ቁልቁል በሚወረወረው ባቡር፣ በሮለር ኮስተሩ በር ላይ የሚለካ ሠራተኛ አለ፤ ካልደረሰ አልደረሰም፣ ልመና አይሠራም። ቬሎሲኮስተር የሚባለው የዩኒቨርሳል ሮለር ኮስተር 51 ኢንች ይፈልጋል፣ 130 ሴንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። የሃግሪድ ሞተር ሳይክል የሚሉት ደግሞ 48። ከቤት ሳትወጡ ለክታችሁ ንገሯቸው፤ አንድ ሰዓት ተሰልፎ በር ላይ የሚመለስ ልጅ ለቅሶ ቀኑን ሙሉ አይበርድም።

ትንንሽ ልጆች ላሏቸው መልሴ ዲዝኒ ነው፣ ሳላመነታ። ማጂክ ኪንግደም በሚባለው አንዱ የዲዝኒ ፓርክ ውስጥ ብቻ የቁመት ገደብ የሌላቸው መጫወቻዎች ቀኑን ይሞላሉ። የሚበርረው ዝሆን ዱምቦ አለ፣ የፒተር ፓን መርከብ አለ፣ የሚሽከረከሩት የሻይ ስኒዎች አሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕፃኑም፣ እናቱም፣ አያቱም አንድ ላይ ተቀምጠው መሄድ ይችላሉ። ሰዎች ዲዝኒን የሚወዱበት ዋናው ምክንያት ይሄ ይመስለኛል፣ ቤተሰቡ አይከፋፈልም። ማታ በፓርኩ ቤተመንግሥት ላይ ርችቱ ሲተኮስ ልጅ ትከሻው ላይ የተሸከመውን አባት ሁሉ ፊቱን እዩት። ዩኒቨርሳልም ለትንንሾች ቦታ አለው፣ በ2024 ድሪምወርክስ ላንድ የሚባል ከፍቷል፣ ግን የአራት ዓመት ልጅ ይዞ ሦስት ቀን የሚያስቆይ አይደለም።

ልጆቹ ጎረምሶች ከሆኑ ነገሩ ይገለበጣል። ቬሎሲኮስተር በ2021 ነው የተከፈተው፤ በሰዓት 70 ማይል ይሮጣል፣ ወደ ላይ ደግሞ 155 ጫማ ይወጣል። ዲዝኒም ትሮን የሚባል ሮለር ኮስተር ሠርቷል፣ ኤፕኮት በሚባለው ፓርኩ ውስጥ ያለው ጋርዲያንስም በጣም ጥሩ ነው፤ ግን ሆዱ እስኪገለበጥ መጮህ ለሚፈልግ ልጅ ዩኒቨርሳልን የሚስተካከል የለም። ሃሪ ፖተር ላነበበ ልጅ ደግሞ ሌላ ቦታ አታቅርቡለት። በ2010 የተከፈተው የሃሪ ፖተር መንደርና በ2014 የተከፈተው የለንደኑ ሰፈር ሁለት የተለያዩ ፓርኮች ውስጥ ናቸው፣ በመካከላቸው ባቡር ይሄዳል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ ባቡሩን ለመሳፈር ሁለቱንም ፓርኮች በአንድ ቀን የሚያስገባ ትኬት ያስፈልጋል፣ የአንድ ፓርክ ትኬት ይዛችሁ አትሳፈሩም። ግንቦት 2025 ላይ ደግሞ ኤፒክ ዩኒቨርስ የሚባለው አዲሱ ፓርክ ተጨመረ፣ የኒንቴንዶ ቪዲዮ ጌሞች ዓለምም የሚገኘው እዚያ ነው። ግን ከድሮዎቹ ፓርኮች ጋር አንድ ግቢ አይደለም፣ በመኪና ወይም በአውቶቡስ ነው የሚኬደው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዩኒቨርሳል ውስጥ ብዙዎቹ መጫወቻዎች ወንበር እየተንቀጠቀጠ ስክሪን የሚታይባቸው ናቸው። መኪና ላይ የሚያስመልሰው ሰው ካላችሁ ሁለት ሦስቱን በተከታታይ አታስሞክሩት።

አሁን ስለ ወረፋ። እውነቱን ለመናገር በሁለቱም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም መግቢያው ብቻውን ለአንድ ሰው በቀን ከ100 ዶላር በላይ ሆኖ ሳለ ላለመሰለፍ ሌላ ገንዘብ ትጠየቃላችሁ። (ከ3 ዓመት በታች ነፃ ነው፣ ከ10 ዓመት ጀምሮ ግን እንደ አዋቂ ይከፈላል።) ዲዝኒ በ1999 የጀመረው ፋስትፓስ የሚባል ወረፋ ማሳጠሪያ በነፃ ነበር። በ2021 የሚከፈልበት መጣ፣ ዛሬ ላይትኒንግ ሌን ይባላል። ከቀናት በፊት በስልካችሁ ሰዓት ትመርጣላችሁ፣ ከገባችሁም በኋላ ሌላ ሰዓት ለማግኘት ዓይናችሁ ስልኩ ላይ ተተክሎ ይውላል። ለእረፍት መጥቶ ቢሮ መዋል ነው የሚመስለኝ። ኤክስፕረስ የሚባለው የዩኒቨርሳል ወረፋ ማሳጠሪያ ውድ ነው፣ ሰው በሚበዛበት ቀን ከመግቢያው ትኬት ሊበልጥም ይችላል፣ ግን ሰዓት ምረጡ አይላችሁም፤ ስትደርሱ በአጭሩ ወረፋ ትገባላችሁ፣ በቃ። እዚህ ላይ ለአምስት ስድስት ሰው ቤተሰብ የሚያዋጣ መንገድ አለ። ፖርቶፊኖ ቤይ፣ ሃርድ ሮክ ወይም ሮያል ፓሲፊክ ከሚባሉት የዩኒቨርሳል ሆቴሎች በአንዱ ያደረ ሰው ኤክስፕረሱ ከክፍሉ ዋጋ ጋር ይሰጠዋል፣ የገባበትንም የወጣበትንም ቀን ይጨምራል። አንድ ሌሊት አድራችሁ ሁለት ቀን ትጠቀማላችሁ። ሆቴሉ ርካሽ አይደለም፣ ግን የሁሉንም ሰው ኤክስፕረስ ለየብቻ ከመግዛት ጋር አስሉት። ኤፒክ ዩኒቨርስ ግን በዚህ ውስጥ የለም።

በአካሄድም ይለያያሉ። ዩኒቨርሳል መኪናችሁን ትልቁ ፓርኪንግ ውስጥ ታቆሙና በእግራችሁ ትገባላችሁ፣ ሁለቱ የቆዩት ፓርኮች ጎን ለጎን ናቸው። ዲዝኒ ግን 40 ስኩዌር ማይል ገደማ ነው። ማጂክ ኪንግደም ለመግባት መኪና አቁማችሁ እንደገና በሞኖሬይል (በአንድ ሐዲድ በሚሄድ ባቡር) ወይም በጀልባ ሐይቁን መሻገር አለባችሁ፣ ማታ ደክሟችሁ ልጅ ተሸክማችሁ ስትመለሱም እንደዚያው። ለአንዳንዱ ሰው ጀልባው ራሱ ደስታ ነው። ለእኔ ጠዋት ደስታ ነው፣ ማታ አይደለም።

ከኢትዮጵያ የመጣች እናት ወይም አያት ካለች ግን ሌላውን ሁሉ ትቼ ወደ ዲዝኒው አኒማል ኪንግደም ውሰዷት እላለሁ። በ1998 የተከፈተ ፓርክ ነው። ኪሊማንጃሮ ሳፋሪ በሚባለው ክፍት መኪና ቀጭኔው፣ ዝሆኑ፣ አንበሳው አጠገብ ትሄዳላችሁ፣ ማንም ቁመት አይለካም፣ ማንም አይጮህም። የእኔ እናት ስለ ማጂክ ኪንግደም ቤተመንግሥት ሰው ሲጠይቃት «ቆንጆ ነው» ብላ ታልፋለች፤ እነዚያ ቀንዳቸው ሽቅብ የተንጨፈረረውን የአንኮሌ ከብቶች ግን አገር ቤት ለደወለችለት ሁሉ አውርታለች። ከፓርኩ አጠገብ አኒማል ኪንግደም ሎጅ የሚባል ሆቴል አለ። ማደሪያው በጣም ውድ ነው፣ እዚያ እደሩ አልልም። ግን ሳናአ የሚባለው ምግብ ቤት ጠረጴዛ ይዛችሁ ምሳ ብሉ፤ በመስኮቱ ቀጭኔና የሜዳ አህያ ሲግጡ ይታያል፣ ምግቡም የአፍሪካና የሕንድ ቅመም ያለው ስለሆነ የእኛ ሰው አፍ አይቸገርም። አንድ ቅሬታ አለኝ። ኤፕኮት ውስጥ 11 አገሮች የየራሳቸው ሰፈር አላቸው፣ ከአፍሪካ ያለችው ሞሮኮ ብቻ ናት። አንድ የቡና ሥነ ሥርዓት እዚያ ቢኖር እንዴት ያምር ነበር!

የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሆነ፣ በፈረንጅ ከኦገስት 7 እስከ 21፣ ከእረፍቱ ጋር መገጣጠሙ አይቀርም። ዲዝኒ ከእንስሳት ተዋፅኦ ነፃ የሆነውን ምግብ ሜኑው ላይ በቅጠል ምልክት ለይቶ ያስቀምጣል፣ ለጿሚ ትልቅ እረፍት ነው። ምግብ ይዞ መግባትም ይፈቅዳል፣ የመስታወት ዕቃና አልኮል ብቻ አይሁን። ዩኒቨርሳል በዚህ በኩል ጠበቅ ይላል፣ ቀለል ያለ መክሰስ እንጂ የምሳ ዕቃ አያስገባም። ውኃ ግን አትግዙ፣ ሁለቱም ጋ ምግብ የሚሸጥበት ካውንተር ላይ በረዶ ያለው ውኃ በኩባያ በነፃ ይሰጣል። በዚያ ወር ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ስለማይቀር ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ፣ ስለዚህ የምትጓጉለትን ጠዋት ጨርሱት።

ጎረምሳም ሕፃንም ያላችሁ ደግሞ አላችሁ። ለእናንተ፣ አብዛኛውን ቀን ለዲዝኒ ስጡና አንዱን ቀን ትልልቆቹ ልጆች ከአንድ ወላጅ ጋር ዩኒቨርሳል ይዋሉ፣ ሌላው ወላጅ ትንሹንና አያትን ይዞ ሆቴሉ መዋኛ ላይ ይረፍ። አንለያይም ካላችሁም መፍትሔ አለ። አንዱ ወላጅ ሲጫወት ሌላው ሕፃኑን ይዞ ይጠብቃል፣ ከዚያ እንደገና ሳይሰለፍ ተራውን ይገባል። ሁለቱም ፓርኮች ይህን በነፃ ያደርጋሉ፣ ግን ቀድማችሁ በር ላይ ላለው ሠራተኛ መንገር አለባችሁ።