ከቴክኒክ ተቋም ወደ ዩኒቨርሲቲ፦ የባሕር ዳርና የአዳማ መንገድ

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሁለት ተቋማት ውሕደት ነው። ፖሊ ቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ ተከፍቶ በጨርቃ ጨርቅ፣ በብረታ ብረት፣ በእንጨት ሥራ፣ በኤሌክትሪክ፣ በእርሻ መሣሪያዎችና በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ቴክኒሻኖችን ያሠለጥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የመምህራን (የፔዳጎጂ) አካዳሚ በ2000 ተቀላቀለው። ከተሜው ግን ዛሬም ግቢዎቹን «ፖሊ» እና «ፔዳ» ይላቸዋል።

አዳማ ደግሞ ከአንድ ግንድ ነው ያደገው፦ እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት (የዛሬዋ አዳማ) ቴክኒክ ኮሌጅ፣ በ2003 የቴክኒክ መምህራን ኮሌጅ፣ በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ።

ውሕደት ባንድ ጊዜ የትምህርት መስኮችን ያሰፋል፤ ግን ቤተ መጻሕፍቱም መኝታውም በየግቢው እጥፍ ወጪ አለው። አንድ ግንድ ትኩረት ይሰጣል፤ ስም ሲቀያየር ግን በድሮው ስም ዲፕሎማ የያዘ ሰው ለቀጣሪ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ሁለቱንም መንገድ የሚያሰጋው የወርክሾፑ ጉዳይ ነው። ዲግሪ ሲጀመር የመምህር እድገት በምርምር ጽሑፍ ይለካል፤ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት ማሽን) የሚያሠለጥነው ባለሙያ ደረጃው ባለበት ይቆምና ሥራውን ይለቃል። ማሽኑ ቆሞ ይቀራል፤ ተማሪውም አንዲት ብሎን በእጁ ሳይሠራ ይመረቃል።

እኛ የባሕር ዳሩን እንመርጣለን። የፖሊ ሙያ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ አልሟሟም፤ የጨርቃ ጨርቁ ክፍል ራሱን የቻለ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኗል።