ደብረ ማርቆስ ላላችሁ ወላጆች፤ ስለ አንድ መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም፣ ብሳሳት ይቅር በሉኝ። ዝም እንዳልል ግን ሆዴ እምቢ አለኝ።

ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። ሳይንስ ላይ ውጤቷ ሲያሽቆለቁል ጊዜ አስጠኚ ፍለጋ ወጣሁ። የመጀመሪያው ቦታ አርባ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ አጭቆ ኖት ያስገለብጣል። ኖት ብቻ! ሁለተኛው ቤት ድረስ የሚመጣ ነበር። ቡናዬን ይጠጣል፣ ስልኩን ይነካካል፣ ሰዓቱ ሲሞላ ውልቅ ይላል። ደብተሯን ብገልጠው «የዋልታ ድብ ፔንግዊን ይመገባል» ይላል። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከስምንተኛ ነው፣ ምን አውቄ፤ እውነት መስሎኝ እሱኑ አስጠናኋት። «በረዶ ውሃ ላይ ለምን ይንሳፈፋል?» ብላ ብትጠይቀው «ፈተና ላይ አይመጣም» አላት። ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን የመጀመሪያው ቦታ ነው። ክፍያው አሥር ቀን ቢዘገይብኝ ልጄን ከጓደኞቿ መሃል አስነስተው በዝናብ ሰደዱብኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ እግዜር ይይላቸው።

ከዚያ ነው ጎረቤቴ እኚህን ጡረታ የወጡ መምህር የጠቆመችኝ። ቅዳሜና እሁድ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ አሥር አሥራ ሁለት ልጅ ያስተምራሉ። ሰሌዳቸው የድሮ የቁም ሣጥን በር ነው። አይቼ፣ እውነቱን ልናገር፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ባለፈው ግንቦት አንድ ቅዳሜ ልጄን ልወስድ ስሄድ በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው እንዴት እንደሚንጫጫ ታውቁታላችሁ፣ ሰው ለሰው አይሰማማም። ሌላ አስተማሪ ቢሆን «በቃ ዛሬ ይብቃን» ይል ነበር። እሳቸው ጋቢያቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጣል አድርገው «ሳፋ! ሳፋ አምጡ!» እያሉ ወጡ። ልጆቹ ተከትለው ግር አሉ። የባለቤታቸው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ በረዶ ሞልቶ ገባ። እትዬ ተቆጡ፣ ማን ሰምቷቸው!

ሁለት ብርጭቆ ቀረበ። አንዱ ውስጥ ውሃ አድርገው በረዶውን ለቀቁበት፤ ተንሳፈፈ። በሌላኛው ድንጋይ አቁመው፣ ከውሃው በላይ ብቅ ያለው የድንጋዩ ጫፍ ላይ በረዶ ከመሩበት። ውሃው የደረሰበት ላይ ፕላስተር ለጠፉና «እንግዲህ ዝም ብላችሁ እዩ» አሉ። እኔም በር ላይ ቆሜ አየሁ፤ ሱቄን ዘግቼ እንደመጣሁ ረስቼዋለሁ። በረዶው ሁሉ ሲቀልጥ የመጀመሪያው ብርጭቆ ውሃ ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ የድንጋዩ ግን ፕላስተሩን አልፎ ወጣ። «የመጀመሪያው ሰሜን ዋልታ ላይ የሚንሳፈፈው የባሕር በረዶ ነው። ሁለተኛው አንታርክቲካና ግሪንላንድ፣ በረዶው መሬት ላይ የተቀመጠበት። ባሕሩን ከፍ የሚያደርገው ይሄኛው ነው» አሏቸው። ምክንያቱ ለእኔ አልገባኝም ነበር። ማታ ልጄ አስረዳችኝ፦ «እማ፣ ተንሳፋፊው ባጃጅ ውስጥ ቀድሞ እንደተቀመጠ ሰው ነው፤ ቦታውን ይዟል። የድንጋዩ ግን ገና የሚሳፈር ነው።»

ድቡና ፔንግዊኑም ተፈታ። ድቡ በሰሜን፣ ፔንግዊኑ በደቡብ፤ በዱር ተያይተውም አያውቁ! የዚያን ሰውዬ ቡና አሰብኩት።

ሌላ ቀን ደግሞ ሃያ ሊትር ጀሪካን አቁመው «ይሄ የዓለም ውሃ ሁሉ ነው እንበል» አሉ አለችኝ። ጨው የሌለበት ግማሽ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያችም ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው በረዶ ነው፣ የቀረው አብዛኛው ከመሬት ሥር። የዓለም ሐይቅና ወንዝ በሙሉ፣ ጣናችንም አባያችንም ሳይቀሩ፣ ተደምረው የሻይ ማንኪያ አይሞሉም። ከዚያ ወዲህ ሰሃን ሳለቀልቅ በደንብ ነው የምትገላምጠኝ።

እናቴ የሲናን ሰው ናት፣ ከጮቄ ሥር። መምህሩ ለልጄ የሰጧት የቤት ሥራ «አያትሽን ስለ ውርጩና ስለ ምንጩ ጠይቂ» የሚል ነበር። እናቴ በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች፤ ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ባዶ እግሯን ከብት ስታወጣ፣ እኔ እንኳ ያልሰማሁትን። ልጄ ያንን ጽፋ ብትወስድ መምህሩ ለክፍሉ አስነበቧት። ጮቄ እንደ ዋልታው ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ በረዶ ባይኖረውም፣ ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣሩ ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ እንደሚለቅና በበጋ ወንዝ የሚኖረን አንዱ በዚህ እንደሆነ ከዚያው አያይዘው አስረዷቸው። እናቴ አሁን በየሳምንቱ «መምህሩ ምን አሉ?» ትላለች።

ክፍያ? ሰኔ ላይ እጄ አጥሮኝ ልጄን ላስቀር ብል ራሳቸው ሱቅ ድረስ መጡና «ልጅቱን ላኪያት፣ ብሩ የትም አይሄድም» አሉኝ። የዚያን ቀን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ወላጆች፣ እባካችሁ ላኩ! ማርቆስ ያላችሁ፣ ልጃችሁ ሳይንስ ያስጠላው ካለ አንድ ቅዳሜ ብቻ ሞክሩ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ቤታቸውን አሳያለሁ። መምህር፣ እድሜና ጤና ይስጥልን። ስትሄዱ ታዲያ አንድ ሳፋ ይዛችሁ ሂዱ፤ የእትዬ እስካሁን ከሳሎን አልወጣም።