ደሴ ፒያሳ ያለው ፊልም መጫኛ ቤት፦ ለጠፈር ጣቢያ ምሥጢር ወዳጆች

ፒያሳ አካባቢ ፍላሽ ላይ ፊልም ከሚጭኑት ቤቶች ለሳይንስ ፊክሽን ወዳጅ የሚሆነው ይሄኛው ነው። ሌሎቹ ዘንድ «የጠፈር ፊልም አለ?» ሲባሉ ጦርነቱም ጭራቁም የተደባለቀበትን አንድ ፎልደር ከፍተው ይተዉላችኋል። እዚህ የጣቢያዎቹ ታሪክ ለብቻው ተለይቷል፤ ሠራተኞቹ የጠፉበት፣ ሬዲዮው መልስ የማይሰጥ፣ በሩ ከውስጥ የተቆለፈ ጣቢያ። የሚጭነው ልጅም «ጭራቅ ያለበት ይሁን የሌለበት?» ብሎ ይጠይቃል። ሥራውን ያውቃል።

ችግሩ ትርጉም ላይ ነው። ቀድማችሁ ካልተናገራችሁ በአማርኛ ትርጉም የተሠራውን ነው የሚጭንላችሁ። ለድብድብ ፊልም ተርጓሚው ላዩ ላይ ቢያወራ ምንም አይደል፣ እንዲያውም ያስቃል። የጣቢያ ምሥጢር ግን ግማሹ ድምፅ ነው። እውነተኛ ጣቢያ ውስጥ ክብደት ስለሌለ ሞቃት አየር ወደ ላይ አይወጣም፤ የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድም እዚያው ፊት አጠገብ ይጠራቀማል። ስለዚህ አየር ማራገቢያዎቹ ቀን ከሌት ያጓራሉ፤ እዚያ ለሚኖር ሰው የሚያስፈራው ዝምታው ነው። ጎበዝ ዳይሬክተር ያን ጉርምርምታ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ጆሯችንን ያለማምደውና ድንገት ጭጭ ያደርገዋል። እዚያች ላይ ተርጓሚው «ምን ጉድ ነው ይሄ!» ካለ ፊልሙ አለቀለት።

ስለዚህ ኦሪጅናሉን ከሰብታይትል ጋር በሉ። የሰብታይትሉ ፋይል ስም ከፊልሙ ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ ካልሆነና እዚያው ፎልደር ውስጥ ካልተቀመጠ ብዙ ቴሌቪዥኖች አያወጡትም።

ቀጥሎ የፍላሹ ጉዳይ አለ። ፎርማቱ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ 20 ጊጋ ባዶ ቦታ ቢኖረውም እንቢ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የሶቪየቱ «ሶላሪስ» 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ስለሚረዝም ጥራቱ ከፍ ያለው ቅጂ በቀላሉ ከዚህ ያልፋል። በምስል ጥራቱ ዝቅ ስለሚል ፋይሉም አነስ ያለውን ባለ 720 መውሰድ ይቻላል፤ ካልሆነም ፍላሹን ኤክስፋት ወደሚባለው ሌላ ፎርማት መቀየር ነው። ፎርማት ሲደረግ ያለው ሁሉ ይጠፋልና የሠርግ ፎቶ ካለበት መጀመሪያ ይገልበጥ። በቆየ የዲሽ ሪሲቨር የምታዩ ግን ፋት 32ን አትልቀቁ፤ ኤክስፋትን የማያነበው ይበዛል።

የፋይሉን ስምም እዩ፤ ምስሉ የታመቀበት መንገድ ኤክስ 265 የሚል ከሆነ ቦታ ይቆጥባል፣ የቆየ ቴሌቪዥን ላይ ግን ድምፁ ብቻ ይሰማና ምስሉ ይጠፋል። ዲቲኤስ የሚባል የድምፅ ፎርማት ያለው በተቃራኒው ምስል አሳይቶ ድምፅ ይነፍጋል። ኤክስ 264 ከኤኤሲ ድምፅ ጋር ካላችሁ ብዙም አትቸገሩም።

ተራ ፍላሽ ላይ 4 ጊጋ ለመገልበጥ ከ7 እስከ 14 ደቂቃ ይወስዳል። ሰው ሲበዛ ቶሎ ነቅሎ የመስጠት አመል አለ፣ ይሄ የቤቱ ትልቁ ጉድለት ነው። ገልብጦ ሳይጨርስ የተነቀለ ፊልም መሃል ላይ ይቆማል፤ መብራት ሲጠፋም እንዲሁ። የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች እዚያው አስከፍታችሁ እዩ፤ በተለይ ከኮምቦልቻ የመጣ ሰው ሐረጎን ወርዶ ቤቱ ከገባ በኋላ ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል?

ከምርጫዎቹ እ.ኤ.አ. የ2017ቱን የሩሲያ ፊልም «ሳልዩት 7»ን አስቀድሙ። እ.ኤ.አ. በ1985 በዚህ ስም የሚጠራው የሶቪየት የጠፈር ጣቢያ ኃይል አጥቶ ዝም አለ፤ ጃኒቤኮቭና ሳቪኒክ የሚባሉ ሁለት ጠፈርተኞች ሄደው መልስ ከማይሰጠው ጣቢያ ጋር መንኮራኩራቸውን በእጅ እየነዱ አገናኙት። ውስጡ በረዶ ሠርቶ ነበር። ፊልሙ ያልነበረ ነገር ጨምሮበታል፣ ብርዱን ግን በደንብ ያሳያል፤ ለደሴ ሰው ለመረዳት አይከብድም። በአማርኛ የተተረጎመው ቅጂም እዚያው ፎልደር ውስጥ በተመሳሳይ ስም ስላለ፣ ኦሪጅናሉ መሆኑን ለማወቅ ከመገልበጡ በፊት 1 ደቂቃ አስከፍቶ መስማት ነው።