ኢንፍራሬድ ብቻ ወይስ ፉል ስፔክትረም? ካሜራችሁን ከማስከፈታችሁ በፊት

የቲቪ ሪሞታችሁን ወደ ስልካችሁ የፊት ካሜራ አዙሩና ቁልፉን ተጫኑ። ብዙ ስልኮች ላይ ወይን ጠጅ የመሰለች ነጥብ ብልጭ ትላለች። በዓይናችሁ አትታይም። ኢንፍራሬድ ማለት እሷ ናት፣ ዓይን የማያየው ብርሃን። ሙቀት የሚያሳየው ካሜራ ሌላ ዕቃ ነው፣ እሱን ፈልጋችሁ ከሆነ እዚህ አትድከሙ።

የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) እስከ 1100 ናኖሜትር ገደማ ያያል፤ ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው። ቀለም እንዳይበላሽ ግን ፋብሪካው ኢንፍራሬድ የሚያግድ መስታወት ከፊቱ ያደርግበታል። ባለሙያ ያንን አውጥቶ የ720 ናኖሜትር ፊልተር (ከ720 በታች ያለውን ብርሃን የሚያግድ) ከተካበት ኢንፍራሬድ ብቻ የሚያይ ካሜራ አገኛችሁ። ጥርት ያለ መስታወት ከተካበት ደግሞ ፉል ስፔክትረም ሆነ፤ ሁሉንም ብርሃን ያስገባል፣ ምርጫው ሌንሱ ላይ በምትገጥሙት ፊልተር ነው።

«ሁሉንም ከቻለ ምን ቀረው?» ትሉ ይሆናል። ቀርቶታል። ካሜራው ዲኤስኤልአር (በውስጡ መስታወት ያለው፣ በመመልከቻው በሌንሱ በኩል በቀጥታ የምታዩበት) ከሆነ ኢንፍራሬድ ብቻ የሚያሳልፈውን ጥቁር ፊልተር ሌንሱ ላይ ስትገጥሙ በመመልከቻው ምንም አይታይም፣ ስለዚህ በትራይፖድ አቁማችሁ፣ ፎከስ አድርጋችሁ፣ ከዚያ ፊልተሩን ማሰር ነው፣ ፎቶ ባነሳችሁ ቁጥር፤ እኔ በሁለተኛው ቀን ሰለቸኝ። ለዲኤስኤልአር ባለ 720ውን ምረጡ። ሚረርለስ (ያ መስታወት የሌለው፣ ሴንሰሩ ያየውን በስክሪን የሚያሳይ ካሜራ) ካላችሁ ግን ይህ ጣጣ የለም፣ ፉል ስፔክትረም አስደርጉ።

አሁን ምን ልታነሱበት ነው? ቅጠሉ በረዶ የመሰለ፣ ሰማዩ የጠቆረ መልክዓ ምድር ከሆነ 720 ይበቃል፣ ያውም ሌላው ፎቶ አንሺ ዕቃውን በሚሰበስብበት የቀትር ፀሐይ። የሰማይ ኔቡላ (በከዋክብት መካከል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ከሆነ ግን በ720 አትሞክሩት። የኔቡላው ሃይድሮጅን የሚሰጠው ቀይ ብርሃን 656 ናኖሜትር ላይ ስለሆነ ፊልተሩ ያግደዋል። እዚህ ፉል ስፔክትረም ያለ ክርክር ያሸንፋል። ከፋብሪካ ለኔቡላ ፎቶ ተብለው የተሠሩም ነበሩ፤ የ2015ቱ ኒኮን ዲ810ኤ እና የ2019ኙ ካነን ኢኦኤስ አርኤ።

እኔን የሚገርመኝ የብራና ነገር ነው። የብራናችን ጥቁር ቀለም በአብዛኛው ከጥላሸት ስለሚበጠበጥ በኢንፍራሬድ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። የወየበው ቆዳ ደግሞ ይነጣል፣ በዓይን ያስቸገረው መስመር ወለል ብሎ ይወጣል። በቀይ የተጻፈው የቅዱሳን ስም ግን እዚያው ፎቶ ላይ ሊጠፋ ይችላል! ስለዚህ ገጹ ሳይነቃነቅ ሁለት ጊዜ ማንሳት ነው፣ አንዱን በተለመደው ብርሃን፣ አንዱን በኢንፍራሬድ። ይህንን በአንድ ካሜራ የሚያደርግላችሁ ፉል ስፔክትረም ነው።

ኪሳችሁ ከሳሳ ካሜራውን ሳታስነኩ የ720 ፊልተር ብቻ ግዙ። ሰከንዶች ይፈጅባችኋል፣ ንፋስ ካለ ቅጠሉ ይደበዝዛል፣ ለመቅመስ ግን አያንስም። ራሳችሁ ለመክፈት አትሞክሩ፣ የፍላሹ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ባትሪ ወጥቶም ቢሆን ይነዝራል። ለኢንፍራሬድ የተቀየረ አሮጌ ካሜራ ስትገዙ ደግሞ ሌንሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባችሁ በኤፍ 11 አንድ ፎቶ አንሱና መሐሉን አጉልታችሁ እዩ። ነጭ ክብ ካለ ያ ሌንስ ለኢንፍራሬድ አይሆንም።