የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ሕመሞችን ለሚያስጠኑ ሲስተር ምስጋና፣ ለነርሲንግ ተማሪዎችም ጥቆማ

ለመውጫ ፈተናም ሆነ ለብቃት ምዘና የምትዘጋጁ የነርሲንግ ተማሪዎች፣ ይህችን አንብቧት። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ሕመሞችን የሚያስጠኑ አንዲት ሲስተር አሉ። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለነገሩን አንጽፍም፤ የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጠይቀን። እኛ የሜዲካል ዋርድ ነርሶች ነን። እሳቸው ዘንድ ተምሮ የመጣ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ቀን ስለሚለይ፣ ምስጋናውን ማቅረብ የእኛ ድርሻ ነው።

ትምህርቱን የሚጀምሩት ከዩሪን ባጉ፣ ማለትም ከሽንት መሰብሰቢያው ከረጢት ነው፤ የኔፍሮኑ (ኩላሊት ውስጥ ደም የሚያጣራው ጥቃቅን ክፍል) ስዕል ቀስ ብሎ ይደርሳል። አንድ አዋቂ በሰዓት ቢያንስ በኪሎ 0.5 ሚሊ ሊትር መሽናት አለበት። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 30 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። በ24 ሰዓት ከ400 ሚሊ ሊትር ካነሰ ኦሊጉሪያ ይባላል። ይሄን ማንም ይሸመድዳል። ባጉ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ግን ብዙ ተማሪ ሮጦ "በሽተኛው አልሸናም" ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። ሲስተር መጀመሪያ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስፈትሻሉ፦ ታጥፏል? በሽተኛው ተኝቶበታል? ደም ረግቶ ዘግቶታል? ቀጥሎ ከእምብርት በታች ያስዳስሳሉ። ፊኛው ተወጥሮ ከተገኘ ሽንቱ አለ፣ መውጫ ነው ያጣው። ፊኛው ባዶ ከሆነ ደግሞ የደም ግፊቱ፣ የፈሳሽ መጠኑና ክሪያቲኒኑ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ይታያል። ክሪያቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከጨመረ፣ ቁጥሩ ገና "ኖርማል" ውስጥ ቢሆንም፣ ኩላሊቱ በድንገት ተጎድቷል ማለት ነው።

ካቴተር (ፊኛ ውስጥ የሚገባው የሽንት ቱቦ) ላይ ግን የሚደርስባቸው የለም። ወንድ ላይ ሽንት ብቅ ሲል ባሉኑን (ቱቦው እንዳይወጣ ፊኛ ውስጥ የሚይዘውን ትንሽ ከረጢት) መንፋት አደገኛ ነው፤ ጫፉ ፊኛ ውስጥ ቢገባም ባሉኑ ገና ፕሮስቴቱ ጋ ሊሆን ይችላል። እዚያ ከተነፋ ቧንቧውን ይቀደዋል፣ ይደማል፣ ውሎ አድሮ ጠባሳው ያጠበዋል። ስለዚህ ቱቦው ሹካ ሆኖ እስከሚከፈልበት ድረስ ይገባና ከዚያ ይነፋል። ሲነፋ በሽተኛው ካመመው ወዲያው ይቆማል፣ ውሃው ተመልሶ ይወጣል፣ ቱቦው ወደ ውስጥ ይጨመራል። የሚነፋውም በስቴራይል ውሃ ነው፤ ኖርማል ሳላይን ከሆነ ጨው ረግቶ መንገዱን ሊደፍነውና ካቴተሩ በሚወጣበት ቀን ባሉኑ አልሟሽሽ ሊል ይችላል። ያልተገረዘ ከሆነ ሸለፈቱ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ከተረሳ አብጦ የደም ዝውውሩን ያግዳል። ሴት ላይ ቱቦው በስህተት ብልት ውስጥ ከገባ አውጥቶ ያንኑ መልሶ መሞከር ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው፤ የተሳሳተው ምልክት ሆኖ እዚያው ይቆይና ሌላ ስቴራይል ካቴተር ይከፈታል።

ሽንት ለተዘጋበት ሰው "በየ500 ሚሊ ሊትሩ ክላምፕ አድርጉ" (ቱቦውን ለጊዜው ዝጉ) የሚለውን የቆየ ትምህርትም አያልፉትም። ጥናቶች ጥቅሙን አላሳዩም፤ ሆኖም የምትሠሩበት ሆስፒታል ደንብ ካለው ተከተሉት ይላሉ። ይልቅ ዓይናችሁ የደም ግፊቱና በሽንቱ ውስጥ የሚታይ ደም ላይ ይሁን። ለሁለት ተከታታይ ሰዓት በሰዓት ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ከወጣ ለሐኪሙ ይነገር፤ በሽተኛው ፈሳሽና ጨው እያጣ ነው።

የፖታሲየም ትምህርታቸው በቅደም ተከተል ነው። በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከፍ ብሎ ኢሲጂው (የልብ ምት ምርመራው) ላይ ቲ ዌቭ የሚባለው ሞገድ ሾጠጥ ካለ፣ በትእዛዝ መጀመሪያ የሚሰጠው 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት ነው፣ 10 ሚሊ ሊትር፣ በዝግታ። ልብን ይጠብቃል እንጂ ፖታሲየሙን አያወርድም፤ ፈተና ላይ ብዙዎች የሚወድቁት እዚህች ጋ ነው። ፖታሲየሙን ወደ ሴል የሚያስገባው 10 ዩኒት ሬጉላር ኢንሱሊን ከ25 ግራም ግሉኮስ ጋር ነው። ባለ 20 ሚሊ ሊትሩ 40 በመቶ ግሉኮስ አንዱ 8 ግራም ብቻ ስለሚይዝ አንድ ሰጥቶ መሄድ በሽተኛውን በስኳር ማነስ ይጥለዋል፤ ሦስት ያስፈልጋል። ከዚያም ለሰዓታት በየሰዓቱ ስኳር ይለካል። ከሰውነት የሚያስወጣው ሽንት ወይም ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ነው።

የ24 ሰዓት ሽንት ሲሰበሰብ የመጀመሪያው የጠዋት ሽንት ይደፋል፣ ሰዓቱ ይመዘገባል፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት የሚሸናው ግን ይጨመራል። በመሃል አንዴ እንኳ ከተደፋ እንደ አዲስ ይጀመራል። ፊስቱላ (ለዲያሊሲስ ተብሎ በቀዶ ሕክምና የተገናኘ የደም ሥር) ያለበት ክንድ ላይ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፤ በየፈረቃው እጅ ጭኖ ንዝረቱን ማረጋገጥ ነው፣ ከጠፋ ያኔውኑ ሐኪም ይጠራል።

ጉድለት የለም አንልም። ጠጠርን በጥድፊያ ያልፉታል፣ ንቅለ ተከላን ደግሞ አይነኩትም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ ግን ኩላሊት የተተከለለት ሰው የትኛውም ዋርድ ሊመጣ ይችላል። ሰውነቱ የተተከለውን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወስደው መድኃኒት አንድ ቀን እንኳ እንደማይዘለልና ትኩሳቱ ቀላል እንኳ ቢሆን እንደ ድንገተኛ እንደሚታይ ከሌላ ቦታ አሟሉ።

የምትሄዱ ካላችሁ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓትና ካልኩሌተር ያዙ። ስቴራይል ጓንት ራሳችሁ ነው የምትገዙት፤ የእጃችሁን ቁጥር አውቃችሁ ግዙ፣ 7 የሚበቃው እጅ ላይ 8 ከገባ ጣቱ ላይ ተጣጥፎ ካቴተሩን ያስጥላል። አርፋጅ አይወዱም።