ያሰብኩትን እንዳልገዛ ለከለከሉኝ የድራም ባለሙያ

የ13 ዓመት ልጄ አንድ ዓመት ሙሉ የሶፋ ትራስ ስትደበድብ ከረመች። አጎቷ ሁለት የድራም ዱላዎች ሰጥቷት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያልተመታ ዕቃ የለም። በመጨረሻ እጄን ሰጠሁና ድራም ልገዛላት ወሰንኩ። ገንዘቤ ጥቂት ነበር፤ ስለ ድራም የማውቀው ደግሞ ከገንዘቤም ያነሰ ነበር።

ይህን የምጽፈው በዚያ ሰሞን የረዱኝን አንድ ሰው በአደባባይ ለማመስገን ነው። ሥራቸው ድራም መጠገን ነው፤ ማታ ማታ ያስተምራሉም። ስሜን እንዳትጽፍ ብለው ስላስጠነቀቁኝ ልጄ እንደምትጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እሳቸው አልነበረም። አንድ ሱቅ ውስጥ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ባለ 5 ድራም አይቼ ልቤ እዚያው ቀርቶ ነበር። ዋጋው ከያዝኩት ገንዘብ ጋር ልክ ነው። ቀብድ ልከፍል ስል የሥራ ባልደረባዬ “ኧረ መጀመሪያ ለሚያውቅ ሰው አሳይ” ብሎ የጋሼን ስልክ ሰጠኝ። ፎቶግራፉን ሳሳያቸው ስለ ቀለሙም ስለ ስሙም አንድ ቃል አልተነፈሱም። “መቀመጫው የታለ?” አሉኝ። ቀጥለው “ፔዳሉስ? የሲምባሎቹ መቆሚያስ?” ደውዬ ብጠይቅ ሁሉም ለየብቻ የሚሸጡ ናቸው ተባልኩ። ባለ 5 ሲባል የሚቆጠሩት ከበሮዎቹ ብቻ እንደሆኑ ያን ቀን ተማርኩ፦ ቤዝ ድራም (በእግር ፔዳል የሚመታው ትልቁ)፣ ስኔር (ከሥሩ ሽቦ የተወጠረበት)፣ ሁለት ቶም (ከፍ ብለው የሚሰቀሉት) እና መሬት ላይ የሚቆመው ትልቁ ቶም። ሲምባል፣ ማለትም በዱላ የሚመታው ክብ የብረት ሳህን፣ ከቁጥሩ ውስጥ አይገባም። ስኔሩን እንኳ ሳይጨምር ባዶ ቀፎዎቹን ብቻ የሚሸጥም አለ።

ከዚያ ሁለት ሲምባሎች ሰቀሉና ልጄን ዓይኗን ጨፍና እንድትመታ አዘዟት። አንደኛው እንደ ወደቀ የድስት ክዳን ጮኸና ወዲያው ዝም አለ። የሁለተኛው ድምፅ ተዘርግቶ፣ ክፍሉን ሞልቶ፣ ቀስ እያለ ከሰመ። ልጄ ዓይኗን ሳትከፍት “ሁለተኛው” አለች። የመጀመሪያው ናስ ነው፤ መዳብና ዚንክ ተቀላቅሎ የሚሠራ፣ ከርካሽ ድራም ጋር በምርቃት የሚሰጠው ዓይነት። ሁለተኛው 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ቆርቆሮ ያለው ነሐስ ነው። 92 በመቶ መዳብና 8 በመቶ ቆርቆሮ የሆነም አለ፤ ዋጋው ቀለል ይላል፣ ለጀማሪም አያሳፍርም አሉን። “ከበሮን ቆዳ ቀይረህ፣ ቁልፍ አዙረህ ታስታርቀዋለህ። ሲምባል ግን እንደ ተወለደ ይኖራል፤ ገንዘብህን እዚያ ላይ አውል” አሉኝ። (ስለ ሲምባል ሲያነሱ ወንበር ፈልጎ መቀመጥ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1623 ቁስጥንጥንያ ላይ ስለተመሠረተውና ዛሬም ሲምባል ስለሚሠራው ስለ ዚልጂያን ቤት ከጀመሩ ቶሎ አይጨርሱም።)

በዚህ ምክንያት ሂሳቤ ሁሉ ተገለበጠ። እኔ አብዛኛውን ለከበሮዎቹ፣ ትርፉን ለሌላው መድቤ ነበር። እሳቸው ግን ከበሮዎቹ ያገለገሉ ይሁኑ፣ አዲስ የሚገዛው ፔዳሉ፣ መቀመጫውና ሲምባሉ ነው አሉ። መቀመጫ ላይ ይህን ያህል መጨነቃቸው መጀመሪያ አስቆኝ ነበር። ቁመቱ የማይስተካከል፣ የሚወዛወዝ በርጩማ ላይ ልጄን አሥር ደቂቃ አስቀምጠው ካስመቷት በኋላ ግን ወገቧን ስትይዝ አይቼ ዝም አልኩ። ጉልበቷ ከዳሌዋ ትንሽ ዝቅ እንዲል አድርገው ቁመቱን ያስተካከሉት እሳቸው ናቸው።

ያገለገለ ድራም ስናገኝ አብረውን መጡ። አንድ ሰዓት አርፍደው! ይህንን ሳልደብቅ እጽፋለሁ፤ ሰዓት አያከብሩም፣ ስልክም ሲደወልላቸው ብዙ ጊዜ አያነሱም። ሲመጡ ግን በእጃቸው አንድ ወፍራም ጠፍጣፋ መስታወትና ባትሪ ይዘው ነበር። ቆዳዎቹን ፈትተው እያንዳንዱን ቀፎ መስታወቱ ላይ ደፉትና መብራቱን ከውስጥ አበሩት። ጠርዙ ደልዳላ ከሆነ በሥሩ ብርሃን አይሾልክም። ከትንንሾቹ ቶሞች በአንዱ ሥር አንድ ጣት ስፋት ያህል ብርሃን ወጣ፤ እንጨቱ ጠሟል ማለት ነው፣ እንዲህ ያለውን ቆዳ ብትቀይርለትም በወጉ አይቃኝም። አብረው የሚሸጡትን ሲምባሎች ጠርዛቸውን በጥፍራቸው እየዳበሱ ስንጥቅ ፈለጉ፤ የመሃል ቀዳዳቸው በመቆሚያው ተበልቶ ሞላላ መሆን አለመሆኑንም አዩ። የስኔሩን ሽቦ የሚያስጠጋውንና የሚያርቀውን ማንሻ ደጋግመው ሞከሩት። እያንዳንዱን የመወጠሪያ ብሎን አዞሩ፤ የሁለቱ ጥርስ አልቆ ነበር። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም የተባለውን ሁሉ በዓይኑ ስላየ ዋጋውን ቀነሰ።

“ታዲያ አንድ ከበሮ ሊጎድለን ነው” አልኩ ቅር ብሎኝ። ጋሼ ሳቁ። “የእንግሊዙ ባንድ የቢትልስ ድራም መቺ ሪንጎ ስታር ከባንዱ ጋር ዓለምን ሲዞር በ4 ከበሮ ነበር፤ ያንተ ልጅ ምን ጎደላት?” አሉኝ። ባለ 20 ኢንች ቤዝ ድራም፣ ባለ 12 ቶም፣ ባለ 14 ትልቅ ቶም እና ባለ 14 ስኔር ይዘን ተመለስን። ባለ 22 ቤዝ ድራም ይሻል ይሆን ብዬ ነበር፤ ለጠባብ ክፍልና ለአጭር ልጅ ግን 20 እንደሚመች አስረዱኝ። የጠመመው ቶም አሁን ሳሎን ውስጥ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ቆሟል። ከገዛኋቸው የቤት ዕቃዎች ሁሉ እንግዳ የሚያደንቀው እሱን ነው።

የስኔሩን የላይ ቆዳ ቀየርን። ቆዳ እንበለው እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተለመደው ፕላስቲክ ነው። ባለ አንድ ንብርብር፣ ፊቱ ሻካራ የሆነውን መረጡልን። ካወጣሁት ሁሉ ትንሹ ወጪ ይህ ሲሆን የድምፁን ለውጥ ግን እኔ እንኳ ሰማሁት። ከዚያ ልቃኝላችሁ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ጭራሽ ሁሉንም ብሎኖች አላሉና ቁልፉን ለልጄ ሰጧት። በጣቷ እስከምትችለው አጥብቃ፣ ቀጥላ አንዱን ካጠበቀች በኋላ ፊት ለፊቱ ያለውን፣ በግማሽ ዙር በግማሽ ዙር። በየብሎኑ አጠገብ በዱላ ጫፍ እየነካች ድምፁ እኩል መሆኑን ታዳምጣለች። ሁለት ሰዓት ፈጀባት፤ በመሃል አልቅሳለች። አንዴም ቁልፉን አልተቀበሏትም። አሁን ያ ቁልፍ ከኪሷ አይለይም።

ስለ ጎረቤት ሰግቼ የኤሌክትሮኒክ ድራም ይሻል እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር። በጆሮ ማዳመጫ ስለሚሰማ ድምፁ ይቀንሳል፣ የፔዳሉ ምት ግን በወለሉ አልፎ ከታች ያለውን ቤት ይመታል አሉኝ። እኛ ምድር ቤት ስለሆንን ነገሩ እዚያው አበቃ፤ ቤዝ ድራሙ ውስጥም አንድ አሮጌ ትራስ ተከተተ። ያው የሶፋው ትራስ ነው።

ጋሼ ፊታቸውን ያጠቆሩብኝ አንዴ ብቻ ነው፤ የጆሮ መከላከያውን ለሚቀጥለው ወር እናቆየው ስላቸው። ወረቀት አውጥተው ጻፉልኝ፦ የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ለ85 ዴሲቤል ድምፅ የሚፈቅደው በቀን 8 ሰዓት ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ሲደርስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። ድራም ደግሞ 100ን በቀላሉ ያልፋል። ያን ቀን ገዛሁ። ወረቀቱ ልጄ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

የተቀበሉኝ ክፍያ አስቀድመው የነገሩኝን የመፈተሻ ዋጋ ብቻ ነው። ከሻጩም ከእኔም ሌላ ነገር አልጠየቁም። ሁለተኛ ክራሽ ሲምባል (ለድንገተኛ ኃይለኛ ምት የሚሆነውን) ጨምሩልን ብላቸው “6 ወር ሳይሞላ እንዳትመጡ” ብለው ሸኙን።

የመጀመሪያ ድራም ልትገዙ ያሰባችሁ ለብቻ ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ካላነሱ ደጋግማችሁ ደውሉ። ስትሄዱ ግን የሚመታውን ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወላጅ ብቻውን ከሄደ አያናግሩም።